አራት የድሮ ጠመንጃ፣ አንድ ሞርሳ

ሳምንት 1

አራቱም ጋራዥ ገብተዋል። ሚስቴ መኪናዋን ውጪ ማቆም ከጀመረች ሳምንት ሆናት፣ እሱን ለጊዜው እንለፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እዚህ ቨርጂንያ ተኩስ ሜዳ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ አንድ ጭቅጭቅ አለ፣ ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ባለ ማቀባበያ ጠመንጃዎች የቱ ይበልጣል የሚል፣ አንዱ ማውዘር ይላል፣ ሌላው ሊ-ኤንፊልድ ይላል፣ ጣሊያኑን ሁሉም ይሰድበዋል፣ ግን አንዳችንም አራቱን በአንድ ቀን በአንድ ትከሻ ተኩሰን አናውቅም። ስለዚህ ገዛሁ። ደህና የሆኑትን መግዛት አቅሜ ስላልፈቀደ የተጎሳቆሉትን ገዝቼ አድሼ ላወዳድር ነው።

ማውዘር 98ኬ፣ ገላው አናት ላይ ቢ-ዋይ-ኤፍ 43 ይላል፣ ማለትም ኦበርንዶርፍ ማውዘር ፋብሪካ 1943፤ ሶቭየቶች ማርከው ፈታተው እንደገና የገጣጠሙት ስለሆነ የቦልቱ፣ የማቀባበያው ማለት ነው፣ ቁጥር ከገላው ጋር አይገጥምም፣ 950 ዶላር። ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4፣ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ሳቬጅ ፋብሪካ ለእንግሊዞች የሰራው፣ 600። ሞሲን ናጋንት 91/30፣ ኢዠቭስክ 1942፣ 420። ይሄኛው ያቃጥላል፣ ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት እዚህ አገር ከ100 ዶላር በታች በሳጥን ይሸጥ ነበር፣ ያኔ እኔ ታክሲ እየነዳሁ ለቤተሰብ ብር እልካለሁ፣ ማን ጠመንጃ ያያል።

አራተኛው ካርካኖ 91 ነው፣ አጭሩ፣ ለልዩ ጦር የተሰራው ዓይነት፣ 280 ዶላር። ይሄ ከኛው አገር ነው የመጣው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጣ የድሮ መሳሪያ እዚህ በብዛት ገብቷል፣ ካርካኖ፣ ቬተርሊ፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምን የሌለ አለ። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ ከአድዋ የተማረከ ብሎ ጽፏል። ግራሶውን ጠርጌ በርሜሉን ሳየው ተርኒ 1917 ይላል። አድዋ በፈረንጅ 1896 ነው፣ እንግዲህ ሳይወለድ ነው የተማረከው። ደግሞ አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ቬተርሊ ነበር እንጂ ካርካኖ አልነበረም። ለማንኛውም ካርካኖ መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት፣ ሰደፉ ላይ የግዕዝ ቁጥር በቢላ ተቀርጿል፣ ፎቶው ላይ እሱን ሳይ አለቀ።

ወረቀቱን ለምትጠይቁኝ፦ የሰብሳቢ ፈቃድ አለኝ፣ 30 ዶላር ለሦስት ዓመት፣ 50 ዓመት ያለፈው መሳሪያ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል፣ የገባውንና የወጣውን ደብተር ላይ መመዝገብ ግዴታ ነው። የግዛታችሁን ሕግ ለየብቻ እዩ።

ሳምንት 2

ሳምንቱ በሙሉ ግራሶ ነው። ሞሲኑ ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ ኮስሞሊን በሚሉት የዝገት መከላከያ ግራሶ ተነክሮ ስለተቀመጠ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ቡናማ ማር የመሰለ ነገር ይወጣል። መጀመሪያ በጨርቅ ጠረግኩ፣ አያልቅም። ቀጥሎ የብረት ክፍሎቹን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የፈላ ውሃ ደፋሁባቸው፣ ቀለጠ፣ ግን ገንዳው ላይ ተመልሶ ረጋ፣ እሱን ለማስለቀቅ ሁለት ሰዓት፣ ከላይ ደግሞ "ቤቴ ውስጥ ምንድነው ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተው" የሚል ድምፅ። ሦስተኛው ሙከራ የሰራው፦ እንጨቱን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ጠቅልሎ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ነው፣ በየሰዓቱ እያወጡ መጥረግ። ብረቱን በቀለም ማቅጠኛ። 18 ዶላር።

ከዛ በኋላም የማቀባበያው ጉዳይ ቀረ። ባዶውን ጥሩ ነው፣ ከተኮሰ በኋላ ግን በመዶሻ ነው የሚከፈተው ይላሉ ሁሉም ስለ ሞሲን። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የጠመንጃው አይደለም፣ ጥይቱ የሚቀመጥበት ቻምበር ውስጥ ኮስሞሊንና ቀለም ደርቆ ስለሚቀር ቀልሃው ሲሞቅ ይጣበቃል። የሾትጋን ቡሩሽ ድሪል ላይ አስሬ፣ አሴቶን ነክሬ፣ ቀስ ብዬ አዞርኩት፣ የወጣውን ጥቁር ነገር ብታዩ።

አራቱንም ቦልት ፈታሁ። እዚህ ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ማውዘሩ ያለ ካቻቢቴ ይፈታል፣ ሁሉ ነገር ቦታውን ያውቃል፣ ፊት ሁለት መቆለፊያ ጆሮ አለው፣ ኋላ ደግሞ ሦስተኛ መጠባበቂያ፣ ቀልሃ ቢፈነዳ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ጭምር ታስቦለታል፣ አውጪዋ ጥፍር ረጅምና ወፍራም ነች፣ ጥይቱን ከካዝናው ሲወጣ ጀምሮ ይዛው ነው የምትገባው። ካርካኖው ገረመኝ። ክፍሎቹ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ገበሬ በጨለማ ፈትቶ ይገጥመዋል። ሞሲኑም ያለ መሳሪያ ይፈታል፣ ግን የቦልቱ ጭንቅላት ለብቻው ነው፣ ስትገጥም ትንሽ ካሳሳትክ አይገባም። ኤንፊልዱ መምቻውን ለመፍታት ልዩ ቁልፍ ይፈልጋል፣ 22 ዶላር፣ አማርጬ የረከሰውን ገዛሁ፣ በመጀመሪያው ቀን ጥርሱ ተሰበረ፣ ሌላ 35።

በነገራችን ላይ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞላ፣ ግራሶ... ስራ ስሰራ አፌ ላይ የሚመጣው ቃል ሁሉ የጣሊያን ነው። የጣሊያን ጠመንጃ በጣሊያን ቃል እየጠገንኩ ነው።

ሳምንት 3

ዛሬ ያጠፋሁትን ሳልጽፍ አልተኛም።

የካርካኖው እንጨት ጥቁር ነው፣ የጭስ፣ የቅቤ፣ የእጅ ወዝ፣ ምኑ ይታወቃል። በቀለም ማቅጠኛ አልለቅ አለ። ሰነፍኩና ብርጭቆ ወረቀት አነሳሁ፣ ቁጥር 120። ሰብሳቢዎች በጭራሽ እንጨት አትፈግፍግ ይላሉ፣ አውቀዋለሁ፣ ለሌላ ሰው እኔው ነኝ የምመክረው። "ትንሽ ጠርዙን ብቻ" አልኩ። ስልኬ ጠራ፣ በአንድ እጄ እያወራሁ በሌላው እፈገፍጋለሁ፣ ስዘጋ አየሁት፣ ቁጥሩ ፵ እና ከጎኑ ሌላ ነበረ፣ አሁን ፵ ብቻ በደንብ ይነበባል፣ ሁለተኛው ግማሽ ጠፍቷል፣ ፯ ትሁን ፮ ትሁን አልለይም። የገዛሁበት ፎቶ ላይ ደግሞ ጥላ ወድቆባታል።

ማታ ጋሼ ጋር ደወልኩ፣ ያባቴ ታላቅ ነው፣ ደብረ ማርቆስ። አባቱ፣ የኔ አያት ማለት ነው፣ አርበኛ ነበሩ። በቪዲዮ አሳየሁት።

"ይቺ የጣሊያን ናት" አለ ወዲያው፣ ሳልነግረው።
"እንዴት አወቅክ ጋሼ?"
"ሆዷ ስር ቀዳዳ አላት። ባባቴ ጊዜ ብዙ ነበረች፣ ቀላል ናት፣ ለፈረስም ለዱርም ትመቻለች። ግን ያቺ ጥይት የምትደረደርባት ቆርቆሮ ከጠፋች ዱላ ናት፣ አባቴ ቆርቆሮዋን ከጥይቱ እኩል ነበር የሚለቅማት።"
"ቁጥሩን ፈግፍጌ አጠፋሁት ጋሼ።"
ዝም አለ ትንሽ። "ምን አጣደፈህ" አለኝ፣ በቃ።

ከዚህ በኋላ ብርጭቆ ወረቀቱ ጋራዥ ውስጥ የለም፣ ጣልኩት። የቀረውን በቀጭን የብረት ሱፍና በቅባት ብቻ አጸዳሁ፣ አራቱንም የተልባ ዘይት ቀባሁ፣ በጣት እየታሸ ቀጭን ቀጭን፣ በቀን አንዴ፣ ለአምስት ቀን።

ሁለተኛ ጥፋት፣ ይሄ እንኳን ቤት ያቃጥል ነበር፦ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልዬ ባልዲ ውስጥ ጣልኩ። እዚህ በቆርቆሮ የሚሸጠው የተልባ ዘይት ማድረቂያ ገብቶበታል፣ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በራሱ ይነዳል። ባልዲውን ስነካው ትኩስ ነበር። አሁን ጨርቁን አጥር ላይ ዘርግቼ ነው የማደርቀው።

ሳምንት 4

ሄድስፔስ። ቦልቱ ተቆልፎ ቀልሃው ወደኋላ የሚቀረው ክፍተት ማለት ነው፣ ከሰፋ ቀልሃው ተቀዶ ጋዝ ወደ ፊትህ ይመጣል። ይሄን ሳይለኩ የድሮ ጠመንጃ መተኮስ ዕድል መሞከር ነው። መለኪያ ብረቶቹን (እየረዘሙ የሚሄዱ ናቸው፣ የመጨረሻው ላይ ቦልቱ መዘጋት የለበትም) ለአራቱም ስገዛ 190 ዶላር ወጣ፣ ከሁሉም ወጪ ይሄ አልቆጨኝም።

ማውዘሩ ቁጥሩ የማይገጥም ቦልት ስላለው ፈርቼ ነበር፣ በአንደኛው መለኪያ ተዘጋ፣ በሁለተኛው ለጥቂት ተዘጋ፣ በመጨረሻው እምቢ አለ። ለጦር ሜዳ ዕቃ ያልፋል። ሞሲኑ አለፈ። ካርካኖው አለፈ።

ኤንፊልዱ ወደቀ። 0.074 ኢንች የሚለው የመጨረሻው መለኪያ ላይ ቦልቱ በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ሸርተት ብሎ ተዘጋ፣ መዘጋት አልነበረበትም። ግን የቁጥር 4 ጥበቡ እዚህ ነው፣ እንግሊዞች የቦልቱን ጭንቅላት ተነቃይ አድርገው በቁጥር ሰርተውታል፣ ከ0 እስከ 3፣ እየጨመረ ሲሄድ በፀጉር ልክ ይረዝማል። የኔው 1 ነበር፣ 2 ቁጥር በ40 ዶላር አዝዤ ገጠምኩ፣ አሁን አይዘጋም። አስር ደቂቃ። ማውዘር ላይ ቢሆን በርሜል መንቀል ነበር ስራው።

እዚሁ ላይ ሳልረሳ፣ ሳቬጅ የሰራው ዓይነት የቦልቱ ጭንቅላት የሚወጣበት ቦታ ሐዲዱ ላይ የተቆረጠ ክፍት ነው፣ ስራ ለማቅለል በጦርነቱ መሃል የመጣ ለውጥ፣ እዛጋ ሐዲዱ የተሸረፈ ብዙ አለ። ስትገዙ መጀመሪያ እሱን እዩ። በርሜሉ ውስጥ ደግሞ እርሳሱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ሁለት ብቻ ነው፣ ከአምስት ሁለት መቁረጥ ይፈጥናላ፣ መጀመሪያ የተታለልኩ መስሎኝ ነበር፣ ኋላ ነው የጦርነት ጊዜ አሰራር መሆኑ የገባኝ።

ሳምንት 5

የመጀመሪያ ተኩስ ቀን። 100 ያርድ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ፣ አምስት አምስት ጥይት።

ማውዘር አምስቱንም 2.8 ኢንች ውስጥ ሰበሰበ። ኤንፊልድ 3.3። ሞሲን 5 ገደማ፣ እሱም ከዒላማው አንድ ጫማ ከፍ ብሎ፣ የ91/30 ማነጣጠሪያ ሳንጃው አፈሙዙ ላይ ተሰክቶ ነው የተስተካከለው፣ እኔ ሳንጃውን ቤት ትቼዋለሁ።

ካርካኖ 11 ኢንች። አስራ አንድ። ሁለቱ ጥይት ወረቀቱን በጎናቸው ነው የበሱት፣ ቀዳዳው የቁልፍ ቀዳዳ ይመስላል፣ ማለትም እርሳሱ አየር ላይ እየተገለባበጠ ነው የሚሄደው። ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ሽማግሌ ሳቀና "የጣሊያን ነዋ" አለኝ። ሽማግሌው የያዘው ኤም 1917 ነበር፣ ፔንሲልቬንያ ኤዲስቶን የተሰራ፣ አንዴ አስተኮሰኝ፣ በጣም ጥሩ ነገር። አሜሪካኖች በአንደኛው ጦርነት ፈረንሳይ ላይ በብዛት የያዙት እሱን ነው፣ ስሙ የገነነው ስፕሪንግፊልድ 1903 ሆኖ ቀረ እንጂ። ስፕሪንግፊልዱ ራሱ ከማውዘር የተቀዳ ስለነበር ለጀርመኖቹ 200,000 ዶላር ከፍለውበታል።

ሌላ ስህተት፦ ኤንፊልዱ ካዝና ውስጥ ጥይት ዝም ብዬ ከተትኩ። የ303 ጥይት ቂጡ ላይ ከንፈር አለው፣ የላይኛው ከንፈር ከታችኛው ኋላ ከሆነ ይቆላለፋሉ፣ ቦልቱ ይገፋል ጥይቱ አይሄድም። ካዝናውን አውጥቼ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና አጎረስኩት። የሞሲን ጥይትም ከንፈር አለው፣ ግን ራሺያዎቹ ካዝናው ጎን አንድ ማገጃ ስለት አድርገውበታል፣ አንዱን እስክትወስድ ሌላውን ይይዝልሃል። አስቀያሚ ጠመንጃ ውስጥ ቆንጆ ሐሳብ።

የጥይት ወጪ ለዛን ቀን 140 ዶላር።

ሳምንት 6

ሞሲኑ ዝጓል!! ሰኞ ስከፍተው በርሜሉ ውስጥ ብርቱካናማ።

የተኮስኩት የድሮ የሶቭየት ጥይት ነበር፣ የድሮው መለኮሻ ከተቃጠለ በኋላ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ እዚህ በበጋ አየሩ ራሱ ሾርባ ነው። ዘይት ብቻ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ዘይት ግን ጨው አያሟሟም፣ ጨው የሚያሟሟው ውሃ ነው። በፈላ ውሃ በፉነል ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዛ ዘይት። ይሄን ማድረግ የነበረብኝ እዛው ተኩስ ሜዳ ላይ ነው። በነሐስ ቡሩሽ ሁለት ቀን ፈግፍጌ አስለቀቅኩት፣ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል።

የካርካኖው ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለስላሳ እርሳስ በበርሜሉ ውስጥ በእንጨት ዘንግ ቀስ ብዬ መትቼ አሳለፍኩና የወጣውን በካሊፐር ለካሁ፣ 0.268 ኢንች። የተኮስኩት የዘመኑ ጥይት እርሳሱ 0.264 ነው፣ ምክንያቱም ፋብሪካዎቹ ለሌላው ባለ 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ሁሉ የሚሰሩትን ነው የሚያስገቡት። ለካ ጥይቱ ከበርሜሉ ያንሳል! ቦዩን ሳይነክስ ነው የሚወጣው፣ ካልነከሰ አይሽከረከርም፣ ካልተሽከረከረ ይገለባበጣል። ካርካኖ ላይ ደግሞ የባሰ ነው፣ ቦዩ መጀመሪያ ላይ ዘና ብሎ ወደ አፈሙዙ ሲደርስ ነው እየጠበቀ የሚጠመዘዘው፣ ልኩ ያልሆነ እርሳስ መሃል መንገድ ላይ ይስታል።

ስንት ዓመት ነው ይሄን ጠመንጃ ስንሰድበው የኖርነው በሌላ ሰው ጥይት።

ሳምንት 8

ሳምንት 7 የለም፣ ስራ በዝቶብኝ ነበር፣ ሙቀት ነው የሁሉም ሰው ኤሲ በአንድ ቀን ይበላሻል።

0.268 እርሳስ የሚሸጥ አገኘሁ፣ 100 ፍሬ 62 ዶላር። ጥይት የሚሞላ ጓደኛዬ 40 ፍሬ ሞላልኝ፣ የባሩዱን ልክ እዚህ አልጽፍም፣ እያንዳንዱ ሰው ከመጽሐፉ ይመልከት። ክሊፕ ስድስት ገዛሁ፣ አንዱ 6 ዶላር፣ ጋሼ ቆርቆሮዋ ያላት ነች። ስድስት ጥይት ትይዛለች፣ ላይ ታች የላትም፣ በየትኛውም በኩል ትገባለች፣ ጭንቅ ላይ ላለ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የመጨረሻው ጥይት ሲገባ በሆዷ ቀዳዳ ቁልቁል ትወድቃለች። ያው ቀዳዳዋ ጭቃም ያስገባል።

ከስድስቱ ሁለቱ የዘመኑ ስሪት ናቸው፣ አይወድቁም፣ ይነክሳሉ። በፒንሳ ጠርዛቸውን ትንሽ ጎበጥ አድርጌ፣ በሞረድ አለስልሼ፣ አንዱ ተስተካከለ፣ አንዱን አበላሸሁት።

ሳምንት 9

ሁለተኛ ተኩስ። ጠዋት ሄድኩ ነፋስ ሳይነሳ።

ካርካኖ 3.6 ኢንች!!! ሽማግሌው ዛሬ አልነበረም፣ የምፈልገው ቀን ይቀራል። ይራገጣል ግን፣ አጭርና ቀላል ስለሆነ፣ ከአፈሙዙ የሚወጣው እሳት ደግሞ በቀን ሳይቀር ይታያል።

ከዛ የፍጥነት ሙከራ፣ አስር ጥይት፣ ቆሜ፣ 50 ያርድ፣ ዒላማው ትልቅ ሳህን፣ በስልክ ሰዓት ይዤ፦ ኤንፊልድ 27 ሰከንድ፣ አስሩም መቱ። ካርካኖ 38፣ መሃል ላይ ክሊፕ ቀይሬ። ማውዘር 41። ሞሲን 58፣ ሦስት ስቼ፣ መዳፌ ቀልቶ።

ለምን እንደሆነ እጅህ ላይ ይገባሃል። ኤንፊልዱ እጀታው ትንሽ ብቻ ነው የሚነሳው፣ 60 ዲግሪ፣ የማውዘሩ 90 ነው፣ ደግሞ ኤንፊልዱ መምቻውን የሚወጥረው ስትዘጋ ነው፣ ክንድህ ወደፊት እየገፋ ባለበት፣ ማውዘሩ ግን ስትከፍት ነው፣ ጉንጭህን ከሰደፉ ካላነሳህ ጉልበት የለህም። ካዝናው ደግሞ አስር ጎራሽ ነው ሌሎቹ አምስትና ስድስት ሲሆኑ። እንግሊዞቹ ከ1914 በፊት ወታደራቸውን በደቂቃ 15 ጥይት 300 ያርድ ላይ እያነጣጠረ እንዲተኩስ ነበር የሚያሰለጥኑት፣ ቤልጅየም ውስጥ ሞንስ ውጊያ ላይ ጀርመኖቹ የቀመሱት እሱን ነው። ያኔ ጠመንጃው የዚህ አባት ነበር፣ የቦልቱ አሰራር ግን ያው።

ማነጣጠሪያውም ሌላ ነገር ነው። ቁጥር 4 ዓይን ስር የምትሆን ቀዳዳ አለችው፣ የኔዋ ቀላሏ ናት፣ 300 እና 600 ብቻ፣ ታጠፍ ታደርጋታለህ። ማውዘሩ ቀጭን ጉድብና ሹል ጫፍ ነው፣ ዕድሜዬ 47 ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ከኋላዬ ሲሆን እንጂ አይታየኝም።

እና ጭቅጭቁ ላይ የኔ ድምፅ፦ ለአደንና ለዕቃ ጥራት ማውዘር፣ አንድ ልኩ ያልጠፋ ብረት፣ አሁንም የአደን ጠመንጃ ሰሪ ሁሉ ይቀዳዋል። እንዲህ አድርጎ የተሰራ ነገር ግን ብዙ ማሽንና ብዙ ሰዓት ይበላል። ጦር ሜዳ ላኩኝ ካላችሁ ኤንፊልዱን ስጡኝ፣ የከንፈሯን ነገር አንዴ ከለመድኳት። ሞሲኑ ለአንድ ሰው መጥፎ ነው፣ ለብዙ ሚሊዮን ሰው ግን መልስ ነው፣ በቃ ይሰራል። ካርካኖውን ማንም ደግሞ እንዳይሰድብብኝ፣ ጥይቱና ቆርቆሮዋ እስካሉ ድረስ። ቁም ነገሩ ያ "እስካሉ ድረስ" ነው። በ1928 ዓ.ም. የኛ ሰው እጅ ላይ ስንት ዓይነት ጠመንጃ ነበር፣ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ጋሼ አባቱ ከቤልጅጉም ከምንሽሩም የጣሊያኑን የመረጡት ጥይቱን ጠላት ራሱ ስለሚያመጣው ነበር ይላል።

ሳምንት 10

የወጪ ድምር፦ ጠመንጃዎቹ 2,250፣ መለኪያ 190፣ ቁልፍና የቦልት ጭንቅላት 97፣ ክሊፕ 36፣ ጥይትና እርሳስ 410 ገደማ፣ ዘይት፣ ቡሩሽ፣ ማቅጠኛ 85። ለሚስቴ የነገርኳት ቁጥር ሌላ ነው።

ለጋሼ የካርካኖውን ቪዲዮ ላክሁለት። ሦስቴ አየሁት አለ። የጠፋችውን ቁጥር መልሼ ልቅረጻት ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ "ምን እንደነበረች ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም። "እንግዲያው ተዋት።" ተውኳት፣ ዘይት ብቻ ቀባኋት።

ሞርሳው ላይ አሁን ያለው ሞሲኑ ነው። ከፍ ብሎ ስለሚመታ የፊት ማነጣጠሪያው መርዘም አለበት፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ቀጭን ላስቲክ ገፍፌ መርፌዋ ላይ አለበስኳት፣ በምላጭ ትንሽ ትንሽ እየቆረጥኩ ቅዳሜ ሜዳ ላይ አስተካክላለሁ። ሳንጃውንም ይዤ እሄዳለሁ፣ በሁለቱም ልሞክረው።